ለእናቴ የምሠራው ክፍል ወለል ፎም ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐረር ነው፤ ከጀጎል ውጭ። ለእናታችን ከቤቱ ጀርባ 4 በ5 ሜትር የሆነች አንድ ክፍል ልንቀጥል ነው። ቦታው ተዳፋት ነው። የድሮው ቤት ወለል ሴራሚክ ነው። ክረምት ላይ ያልበዋል፤ እናቴም ‹እግሬን ቆረጠመኝ› እያለች ታማርራለች። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ከኮንክሪቱ ሥር 10 ሳንቲም ፎም ካልተነጠፈ እንዳትጀምሩ ብላለች። ግንበኛው ደግሞ ይህን ስነግረው ሳቀ። ወንድሜም ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ላይ ክፍል እየጨመረ ነው። እሱስ ፎም ያድርግ?»

መልስ፦ እኛ የምሥራቅ ሰዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ግንበኛህ ያለ ነገር አልሳቀም። ግን ስቆ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ የእናትህ ቅሬታ እውነት ነው። እህትህም ብትሆን የነገረችህ እሷ ላለችበት አገር ትክክል ነው። እዚያ ክረምቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቤቱ ለወራት በማሞቂያ ይሞቃል። በገንዘብ የተገዛው ሙቀት ወደ መሬት እንዳይሰርግ 10 ሳንቲም ፎም ይነጠፋል፤ ከዚያም በላይ የሚያነጥፉ አሉ። እኛ ጋ ግን የምናሞቀው ቤት የለም። ያልገዛነውን ሙቀት ለማዳን ያን ያህል ወፍራም ፎም መቅበር ትርፉ ትንሽ ነው።

ከቤትህ ሥር ያለውን መሬት አስበው። ላይ ላዩ ቀን ይሞቃል፤ ማታ ይቀዘቅዛል። ጥቂት ሜትር ወደ ታች ስትወርድ ግን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይዞ ይቀመጣል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አማካይዋ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭው ሲቀዘቅዝ፣ ከወለልህ ሥር ያለው መሬት ከውጭው አየር ይልቅ ሞቅ ያለ ነው ማለት ነው። መሬቱ የናንተ ጠላት አይደለም።

ታዲያ እግሯን ምን ይቆረጥማታል? የሕመሙን ነገር ሐኪም ይየው። ወለሉ ላይ ያለው ችግር ግን ሁለት ነው፤ ውኃና ሴራሚክ።

ከሴራሚኩ ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሴራሚክና ጣውላ እኩል 19 ዲግሪ ቢሆኑም፣ በባዶ እግር ስትረግጣቸው ሴራሚኩ ይቀዘቅዝሃል። ሴራሚክ የእግርን ሙቀት ቶሎ ይነጥቃል፤ ጣውላና ምንጣፍ ቀስ ብለው ነው የሚወስዱት። ፎሙን ከ10 ሳንቲም ኮንክሪት በታች ብትቀብረው ይህን አይለውጠውም። እናትህ የምትረግጠው ያው ሴራሚኩን ነው። ስለዚህ ለእግሯ ካሰብክ ፎሙ ከኮንክሪቱ በላይ፣ ከስክሪዱ ሥር ይሁን፤ ስክሪድ የምለው ከመጨረሻው ንጣፍ በታች የሚለበጠውን የሲሚንቶና የአሸዋ ድልድል ነው። ከላይ የሚነጠፈውም ነገር ይታሰብበት።

አሁን ወደ ውኃው። ወለሉ ያልበዋል ብለሃል። ይህ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ከመሬት በስፖንጅ እንደሚመጠጥ እየተሳበ የሚወጣ እርጥበት ነው። ሌላው ከአየሩ ነው፤ በዝናብ ወቅት እርጥበት ያዘለ አየር ቀዝቃዛውን ሴራሚክ ሲነካ ወደ ጠብታ ይለወጣል። መፍትሔያቸው ይለያያል። ስለዚህ አዲሱን ከመጀመርህ በፊት የድሮውን ወለል ጠይቀው።

እንዲህ አድርግ። ወፍራምና ያልተቀደደ ፕላስቲክ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቁረጥ። የሚያልበው ቦታ ላይ ወለሉን በጨርቅ አድርቀህ አንጥፈው። አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በሰፊ ፕላስተር አሽገው። ማንም እንዳይረግጠው ወንበር ገልብጠህ አስቀምጥበትና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተወው። ጠብታው ከፕላስቲኩ ሥር ከሆነ፣ ወይም ሥሩ ያለው ንጣፍ ከዙሪያው ጠቁሮ ከተገኘ፣ ውኃው ከመሬት ነው የሚመጣው። ጠብታው ከፕላስቲኩ በላይ ከሆነና ሥሩ ደረቅ ከሆነ ከአየሩ ነው። ሙከራውን ወለሉ በሚያልብበት ሰሞን ካላደረግከው ምንም አይነግርህም። ሴራሚክ ራሱ ውኃ በደንብ ስለማያሳልፍ፣ ከመሬት የሚመጣው የሚወጣው በመጋጠሚያዎቹ በኩል ነው፤ ፕላስቲኩ ቢያንስ ሁለት መጋጠሚያ ይሸፍን።

ከመሬት ከሆነ ፎም ብቻውን አያድንህም። ፕላስቲክና ድንጋይ ነው የሚያድንህ። ከአየሩ ከሆነ ግን ፎሙ እዚህ ጋ በእርግጥ ይሠራል፤ የወለሉ ገጽ ከክፍሉ አየር ጋር አብሮ ስለሚሞቅ ጠብታ አይያዝበትም። ከዚያም መስኮት ክፈቱ። ቤት ውስጥ እየታጠበ የሚሰጣ ልብስ ካለም አውጡት።

እኔ አንተን ብሆን ለሁለቱም እዘጋጃለሁ። ግን ቅደም ተከተሉን አላዛባም።

መጀመሪያ የውጭው ውኃ ነው። ቦታው ተዳፋት ነው ብለሃል። ጀርባህ ላይ ያለው መሬት ከፍ ያለ ከሆነ ዝናቡ የሚወርደው ቀጥታ በአዲሱ ክፍል መሠረት ላይ ነው። ከላይኛው በኩል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብለህ ቦይ ቆፍር። ጠጠር ሙላውና ውኃውን በጎን አዙረህ አውጣው። ቦዩ ከአዲሱ ወለል ሥር ካለው ድንጋይ ዝቅ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ጌጥ ነው። በቤቱ ዙሪያ የሚፈሰው የሲሚንቶ ንጣፍ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ወደ ውጭ ይዝመም። አሸንዳ አድርግ፤ የአሸንዳው ውኃም ግድግዳው ሥር እንዳይፈስ በቱቦ አርቀው። ብዙ ሰው ለወለል ውድ ነገር ገዝቶ አሸንዳውን ይረሳዋል። አቦ፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል።

ሁለተኛው ቁፋሮው ነው፤ እዚህ ላይ በጣም ጠንቀቅ በል። ልኩን ከላይ ወደ ታች ቁጠር። አዲሱ ወለል ከድሮው ጋር እኩል እንዲሆን ትፈልጋለህ፤ እናትህ ደፍ ላይ መሰናከል የለባትም። ሴራሚኩና ማጣበቂያው 2 ሳንቲም። ስክሪዱ 6። ፎሙ 5። ኮንክሪቱ 10። ድንጋዩ 25። በድምሩ 48 ሳንቲም ነው። ከድሮው ወለል ገጽ ግማሽ ሜትር ገደማ መውረድ አለብህ ማለት ነው። በተዳፋቱ ላይኛ በኩል ይህ እውነተኛ ቁፋሮ ነው፤ በታችኛው በኩል ደግሞ ሙሌት ሊሆን ይችላል።

አሁን የድሮው ቤት መሠረት ምን ያህል ጥልቅ ነው? ብዙ የቆየ ቤት በጭቃና በድንጋይ፣ ጥልቀት በሌለው መሠረት ላይ የቆመ ነው። ግድግዳው ሥር አንድ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረህ የመሠረቱን ታች ፈልግ። ቁፋሮህ ከመሠረቱ ታች የሚያልፍ ከሆነ አቁምና መሐንዲስ አሳይ። በአንድ ጊዜ ርዝመቱን ሙሉ መክፈት ግድግዳውን ወደ ታች ያሰምጠዋል፤ አንዳንዴም ይጥለዋል። ቁፋሮ ብትቀንስ ይሻላል፤ ለዚህ ሲባል ፎሙን 3 ሳንቲም ማድረግ ምንም ነውር የለውም።

አፈሩ ጥቁር፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅና ሲርስ የሚያብጥ ኮትቻ ከሆነ ማውጣት ነው። እሱ ላይ የተሠራ ወለል ፎም ኖረው አልኖረው ይሰነጠቃል። በምትኩ የማያብጥ አፈር በየ20 ሳንቲሙ እየረጠበ ይጠቅጠቅ። «ክረምቱ ራሱ ያስተኛዋል» የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው። ያስተኛዋል፤ ግን ከወለልህ ጋር።

ድንጋዩ 25 ሳንቲም ይሁን ብያለሁ። የድንጋዩ ሥራ መሸከም ብቻ አይደለም። በትልልቅ ድንጋዮች መካከል ባዶ ቦታ ስላለ ውኃው ወደ ላይ መሳብ ያቅተዋል። ይህ የሚሆነው ግን ድንጋዩ ንጹሕ ከሆነ ነው። ግንበኞች ክፍተቱን በቁፋሮው አፈር ሲሞሉት አይቻለሁ። ያኔ ድንጋይ አነጠፍክ እንጂ እርጥበቱን አላቋረጥክም። ክፍተቱን በጠጠር ሙላ። ከላይ ሾጣጣው ፕላስቲኩን እንዳይበሳ ስስ አሸዋ አልብሰው።

ከዚያ ፕላስቲኩ። የዚህ ሥራ ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። ውፍረቱ ከ250 ማይክሮን እንዳያንስ፤ ማለትም ሩብ ሚሊሜትር። ሱቅ ሄደህ በጣትህ ብትወጥረው በቀላሉ የሚለጠጥ ከሆነ ቀጭን ነው፣ ተወው። ሁለት ቁራጭ ሲገናኝ 30 ሳንቲም ይደራረብና በፕላስተር ይጣበቅ። ጠርዙ ግድግዳው ላይ እስከ አዲሱ ወለል ገጽ ድረስ ይውጣ፤ ከግድግዳው እርጥበት መከላከያ ጋርም ይገናኝ። የፍሳሽና የውኃ ቱቦ ካለ ከዚህ በፊት አልፎ መቀመጥ አለበት። ቱቦው ፕላስቲኩን በሚበሳበት ቦታ ዙሪያውን አሽግ።

ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን አንተ ራስህ እዚያ ሁን። ባሬላ የተሸከሙ ሠራተኞች በፕላስቲኩ ላይ ይመላለሳሉ። የፌሮ ጫፍ ይወጋዋል። መረማመጃ ጣውላ አድርግላቸው። ፌሮው 8 ሚሊ፣ በየ20 ሳንቲሙ ይታሰር፤ በትናንሽ የሲሚንቶ ኩቦች ከፍ ይበል እንጂ በብረት እግር አታቁመው። የተቀደደ ቦታ ካየህ እዚያው አስቁምና ጠግን። ያኔ ካለፈህ ዕድሜ ልክህን አታገኘውም።

ለ20 ካሬ በ10 ሳንቲም 2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈጃል። በኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ብትቆጥር 7 ኩንታል ነው፤ በ50 ኪሎ ከረጢት 14። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ሊለወጥ ይችላል። ውኃ አታብዛ። ውኃ የበዛበት ኮንክሪት ለማፍሰስ ይመቻል፤ በኋላ ግን ይሰነጠቃል። ቢያንስ 7 ቀን ጆንያ አልብሰህ ውኃ አጠጣው። አዲሱን ወለል ከድሮው ጋር በፌሮ አታስረው። አዲሱ ቤት ትንሽ ይቀመጣል፤ የድሮው ተቀምጦ ጨርሷል። መካከላቸው 1 ሳንቲም ክፍተት ተውና የሚለጠጥ ነገር ሙላበት፤ በሩ ላይ በብረት ወይም በጣውላ ሸፍነው።

ይኸው ፎሙ ጋ ደረስን። 5 ሳንቲም ይበቃል። ያን ያህል ፎም ሙቀትን በመከልከል 2 ሜትር ውፍረት ካለው ኮንክሪት ጋር የሚወዳደር ነው፤ ለሐረር ከበቂ በላይ። ዋናው ጥራቱ ነው። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም አይሆንም፤ ከጊዜ በኋላ ይሟሽሻል፤ ስክሪዱም አብሮ ይወርዳል። ለወለል በሜትር ኩብ 20 ኪሎ የሚመዝን ያስፈልጋል። ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ 5 ሳንቲም ውፍረት ያለው ቁራጭ ሚዛን ላይ አስቀምጥ፤ 1 ኪሎ መምዘን አለበት። 600 ወይም 700 ግራም ካለህ መልሰው። ለክፍሉ ሙሉ 20 ኪሎ ፎም ማለት ነው፤ በጋሪ ይመጣልሃል። ሻጩ ሚዛን ይዘህ ስትመጣ ያይሃል፤ ይይህ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ነጩን ፎም ቤንዚንና ቲነር ያቀልጡታል። በእነሱ የተበጠበጠ ሬንጅ ወይም የምስጥ መድኃኒት አጠገቡ አይድረስ። ካላመንክ አንድ ጠብታ ቤንዚን ቁራጩ ላይ ጣልና እየው፤ ጉድጓድ ያወጣል። ምስጥ ካለባችሁ ደግሞ ፎሙን ምግብ ባያደርገውም ይቦረቡረዋል። የምስጡን ሥራ ከኮንክሪቱ በፊት አፈሩ ላይ ጨርሱ።

አነጣጠፉ ቀላል ነው። ኮንክሪቱ ገጹ ደልዳላ ይሁን፤ ፎሙ እየተወዛወዘ እንዳይቀር። ቁርጥራጮቹ ተጠጋግተው፣ መጋጠሚያቸው እንደ ብሎኬት ተዘዋውሮ ይነጠፍ። ግድግዳውን ተከትሎ 1 ሳንቲም የሆነ የፎም ቁራጭ በቁመት ይቁም፤ ስክሪዱ ግድግዳውን መንካት የለበትም። ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በወለሉ ጠርዝ፣ በውጭው ግድግዳ በኩል ነው። ገንዘብ ካጠረህ መሃሉን ተውና ከውጭ ግድግዳዎቹ አንድ ሜትር ገባ ብለህ ዙሪያውን ብቻ አድርግ፤ ያኔ ግን መሃሉን በተጨማሪ ስክሪድ ደረጃው ላይ ማምጣት አለብህ። በፎሙ ላይ ስስ ፕላስቲክ ጣል፤ የሲሚንቶው ውኃ በመጋጠሚያው እንዳይወርድ ነው። ከዚያ 6 ሳንቲም ስክሪድ፤ አንድ ሲሚንቶ በሦስት አሸዋ፣ ደረቅ ያለ፣ መሃሉ ላይ የዶሮ ሽቦ ያለበት። ከ5 ሳንቲም አሳንሰህ ሊሾ ብቻ ብታለብሰው የአልጋው እግር ይሰነጥቀዋል። ይህ ወለል ቁምሳጥንና አልጋ ይችላል። የብሎኬት ግድግዳ ግን አታቁምበት፤ ግድግዳ ከታች ካለው ኮንክሪት ይነሣ።

አትቸኩል። ስክሪድ በቀን 1 ሚሊሜትር ይደርቃል ብለህ አስላ። 6 ሳንቲም ቢያንስ 2 ወር ነው። ሴራሚክ ቀደም ብሎ ቢለጠፍ ይታገሣል። ጣውላ ወይም ፕላስቲክ ንጣፍ ካሰብክ ግን ጠብቅ፤ ካልሆነ የራስህን የስክሪድ ውኃ ሥሩ አፍነህ ከመሬት የመጣ ይመስልሃል።

ምን ይነጠፍ? ለእናትህ ከሆነ የሚያብረቀርቅ ፖርሰሊን አልመክርም። ይቀዘቅዛል፤ ሲርስም ያንሸራትታል። ሸካራ ሴራሚክ አድርግና አልጋዋና መቀመጫዋ አካባቢ ምንጣፍ ጣል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ደግሞ እዚያው ሐረር አለላችሁ። የሐረሪ ቤት መደብ አይተህ የለ? ሰው መሬት ላይ አይቀመጥም። ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎ ነው። በክፍሉ አንድ ጥግ 40 ሳንቲም ከፍ ያለ፣ ከላይ ጣውላ የለበሰ መደብ ሥራላት። ለጉልበቷም ለመነሣት ይቀላታል።

ጀጎል ውስጥ ቤት ኖሮህ ቢሆን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። የቅርስ ፈቃዱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በተጨማሪ የድሮ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ባለበት ቤት ወለሉን በፕላስቲክና በሲሚንቶ ድፍን አድርገህ ስትዘጋው፣ በወለሉ ይተነፍስ የነበረው እርጥበት ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ልስኑ ይረግፋል። ያንተም የድሮ ግድግዳ ከአዲሱ ክፍል ጋር በሚገናኝበት በኩል የጭቃ ከሆነ ይህን አስብበት፤ በዚያ በኩል ግድግዳውን በሲሚንቶ አትለስነው።

ወንድምህን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ወለሉ ላይ ፎም አያድርግ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በግንቦትና በሰኔ ውጭው ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከቤቱ ሥር ያለው ጥላ የለበሰ መሬት ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሊሾ ላይ ጋደም የሚሉት ለዚህ ነው። በፎም ከለየኸው ያለህን ነጻ ማቀዝቀዣ ቆረጥከው ማለት ነው። ፕላስቲኩና ድንጋዩ ግን ለእሱም ይሁን። ቤቱ ደቻቱን ወይም ሌላ የአሸዋ ወንዝ የሚጎራበት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት የወለሉን ከፍታ ያስብ፤ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው። አሸዋውንም ከወንዝ የሚያመጣ ከሆነ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጦ ያስቀምጠው። ከላይ የሚዘቅጠው ደለል ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ ይታጠብ።

ለፎም የያዘውን ገንዘብ ወደ ላይ ይውሰደው። ድሬ ላይ ሙቀት የሚገባው በቆርቆሮው ነው። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ 60 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ያው 5 ሳንቲም ፎም ከኮርኒሱ በላይ ቢተኛ ልዩነቱን በመጀመሪያው ከሰዓት ያውቀዋል። ከቆርቆሮው ጋር ግን አያጣብቀው፤ ነጩ ፎም 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። መካከሉን ክፍት ይተው። በሁለቱ ጫፍ ወንፊት ያለው የአየር መውጫ ያድርግ። የኤሌክትሪክ ሽቦውንም በቱቦ ያሳልፈው፤ ፎም ይቃጠላል፣ ጭሱም መጥፎ ነው።